ካርታ ላይ አግድም የተሰመሩትን መስመሮች ለልጅ እንዴት እናስረዳ?

እህቴ፣ «የሦስተኛ ክፍል ልጄ ካርታው ላይ አግድም የተሰመሩትን አይቶ ‹እኛ ሰፈር ለምን አይታዩም?› አለኝ፤ ምን ልበለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እነዚህ አግድም መስመሮች ኬክሮስ ይባላሉ፤ እኔ ደሴ ትንንሽ ልጆችን ሳስተምር የሠራልኝን ልንገርሽ።

ትርጉም በማስያዝ አትጀምሪ። ኳስ የሚወድ ከሆነ ኦፍሳይድን ጠይቂው። ሜዳው ላይ በኖራ አልተሰመረም፤ ተጫዋቹም ዳኛውም ግን ያውቁታል፣ ጎልም ይሻርበታል። «ስለማይታይ የለም ማለት ነው?» ስትዪው ራሱ ይመልስልሻል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ከየት እንደሚነሳ ንገሪው፦ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ የሚያልፈው የምድር ወገብ 0 ነው፣ ወደ ሰሜን እየተቆጠረ ዋልታው ላይ 90 ይደርሳል። ይሄ ይበቃዋል። ከዚያ ወደሚያውቀው መንገድ አምጪው። ከሐርቡ ወደ ቆቦ ስትጓዙ 11ኛውን መስመር ኮምቦልቻ ሳትደርሱ ትሻገሩታላችሁ፣ 12ኛውን ደግሞ ወልድያን አልፋችሁ። በሁለቱ መካከል በቀጥታ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ግን በእኛ ጠመዝማዛ ዳገት ከዚያ በላይ ይነዳል። አግድምነቱን ለማሳየት ጣቱን ባሕር ዳር ላይ አስቀምጪና ወደ ምሥራቅ ቀጥ አድርገሽ ውሰጂው፤ በውጫሌና በመርሳ መካከል አልፎ ጅቡቲ ከተማ ይገባል። ልጆች ይህን ሲያዩ ደጋግመው ይሞክሩታል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የጥላውን ነው። ደሴ ላይ ሚያዝያ 11 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ቀጥ ያለ እንጨት አቁሙ (የግንበኛ ቱምቢ ካገኛችሁ መቆሙን አረጋግጡበት)፤ ጥላው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፣ እስከ ነሐሴ 18 ገደማም እንደዚያው ይቆያል፤ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። የነሐሴው ጥላ የሚጠፋበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ በደመና ስለሚያልፍ የሚያዝያው እንዳያመልጣችሁ። ላሊበላ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ እነሱም ያቁሙ፤ እዚያ የሚጠፋው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ላሊበላ 12ኛው መስመር አጠገብ ናት። ልጁ «ለምን ዘገየባቸው?» ካለሽ፣ ካርታውን ያን ጊዜ ዘርጊለት።

ከላይ ወደ ታች የተሰመሩትን፣ ኬንትሮስን፣ ለጊዜው አትንኪበት። ሁለቱን በአንድ ቀን የሰማ ልጅ እስከ ከፍተኛ ክፍል ሲያምታታቸው አይቻለሁ።