የዲቃላ በቆሎን ዘር መልሶ መዝራት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ አጠገብ፣ ከቃሉ ወረዳ ነው። አምና ቢኤች-540 በቆሎ ገዝቼ ዘራሁ፣ ምርቱም አስደሰተኝ። ትልልቁን ዛላ መርጬ ለዘር አስቀረሁ። ዘንድሮ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ማዳበሪያ ብዘራው አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ዛላውም ያልሞላ ሆነብኝ። ዘሩ ተበላሽቶ ነው? ቁንጮ ጤፍንስ በየዓመቱ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ ዘርዎ አልተበላሸም፤ ቢበላሽማ አይበቅልም ነበር። የተለወጠው ውርሱ ነው።

የበቆሎ ሴል 20 ክሮሞዞም (ውርስን የሚሸከም ክር) አለው፤ 10 ከእናት፣ 10 ከአባት። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘረመል (በክሩ ላይ ያለ የውርስ መመሪያ) በሁለት ቅጂ ይገኛል። ቢኤች-540 ዲቃላ ነው፤ ሁለት የተለያዩ በቆሎዎች ተዳቅለው የተገኘ። ሁለቱ ወላጆቹ ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ የተዳቀሉ ናቸው፤ ሁለቱ ቅጂዎቻቸው አንድ ዓይነት ሆነዋል፣ ተክላቸውም ደካማ ነው። ሲዳቀሉ ግን የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍነዋል። በከረጢቱ ያለው ፍሬ ሁሉ አንድ ዓይነት ውርስ ስላለው አምና ማሳዎ በአንድ ቁመት ቆመ።

ነገሩ የሚፈርሰው በቆሎው ሲያብብ ነው። ተክሉ ብናኝ (የወንዴ አበባ ዱቄት) ሲሠራ ጥንድ ክሮሞዞሞቹ ይለያዩና እያንዳንዱ ብናኝ 10 ብቻ ይይዛል፤ ከየትኛው ወላጅ የመጣው እንደሚደርሰው ዕጣ ነው። በሴቴው በኩልም እንዲሁ። ብናኙን ነፋስ ወስዶ የዛላው ጸጉር ላይ ያሳርፈዋል፤ አንድ ጸጉር ለአንድ ፍሬ። አንድ ዘረመል ብቻ ብንወስድ፣ ከ100 ፍሬ 50 ያህሉ እንደ አምናው ድብልቅ ይሆናል፤ ቀሪው 25 በ25 ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው አያት ይመለሳል። ምርት በብዙ ዘረመሎች ስለሚወሰን፣ ከመዳቀል የተገኘው ብልጫ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል።

ትልቁን ዛላ መምረጥዎስ? አምና ተክሉ ሁሉ አንድ ውርስ ስለነበረው፣ ዛላው የተለየው ፍግ ባገኘበት ወይም በሰፊ ክፍተት ስለቆመ እንጂ በዘሩ አይደለም።

ስለዚህ ዲቃላ የሚዘሩ ከሆነ ዘሩን በየዓመቱ ይግዙ፤ ለሄክታር 25 ኪሎ፣ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 6 ኪሎ ከሩብ ይበቃል። ዘር ማስቀረት ከፈለጉ፣ በተለይ ማሳዎ ወደ ቆላማው ሐርቡ ወረድ ያለ ከሆነ፣ መልካሳ-2 የተባለው የበቆሎ ዝርያ ይሻላል፤ ዲቃላ ስላልሆነ ምርጫ ይሠራበታል። ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ። ምርጫውን ከክምር ሳይሆን በቁሙ፣ ከማሳው መሃል፣ አጠገቡ ያሉት ተክሎች ሳይጎድሉ ካፈራ ተክል ያድርጉ። ከጥቂት ዛላ ብቻ መውሰድ ዝምድናን ያጠብቃልና ከ100 ተክል በላይ ይሁን። ነጭ ዛላ ላይ ቢጫ ፍሬ ጣል ጣል ብሎ ካዩ የጎረቤት ብናኝ ገብቷል ማለት ነው፤ ያን ዛላ ለንፍሮ ያድርጉት። ከቆረቆንዳው ሲፈለፍሉ የመሃሉን ፍሬ ብቻ ይውሰዱ፤ ጫፍና ጫፉ መጠኑ አይስተካከልም። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ ሻጋታና ነቀዝ ይከተለዋል።

ጤፍ ሌላ ነው። አበባው በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል ቁንጮ ልጁም ቁንጮ ነው፤ በየዓመቱ አይግዙ። የጤፍ ዘር የሚደባለቀው አውድማ ላይ ነው፦ የሌላ ዝርያ ጤፍ ከተወቃበት አውድማውንና ጆንያውን ጠርገው አራግፈው፣ የዘሩን ነዶ ከሁሉ አስቀድመው ይውቁ።