የበጎ አድራጎት ስጦታ አማካሪ ለመሆን የሕግ ትምህርት ያስፈልጋል?

አሜሪካ ውስጥ አካውንቲንግ እየተማርሽ ነው፤ ወደፊት ደንበኞችን በውርስና በታክስ ዕቅድ፣ በተለይም በበጎ አድራጎት ስጦታ ማማከር ትፈልጊያለሽ። ጥያቄሽ «ሕግ ልጨምር ወይስ ሲፒኤ (የተፈቀደለት የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ይበቃኛል?» የሚል ነው። ሲፒኤ ይበቃል። ኑዛዜና ትረስት (ንብረት ለሌላው ጥቅም በአደራ የሚያዝበት ሰነድ) ማርቀቅ የጠበቃ ሥራ ስለሆነ እሱን ለጠበቃው ተይለት፤ ስሌቱ ያንቺ ነው።

ብዙ ጀማሪ ጊዜውን የሚፈጀው የውርስ ታክስ በማጥናት ነው። በ2026 የፌዴራሉ የውርስ ታክስ የሚደርሰው በጥቅሉ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትቶ በሚያልፍ ሰው ሀብት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ብዙ አይገጥምሽም። የገቢ ታክስ ግን ሁሉም ጋ አለ። ስለዚህ ቀድመሽ የትኛው ንብረት ለማን ቢሰጥ እንደሚሻል ተማሪ።

በ10,000 ዶላር የተገዛ አክሲዮን ከዓመት በላይ ቆይቶ 50,000 አወጣ እንበል። ደንበኛው ሸጦ ገንዘቡን ልስጥ ካለ፣ ከ40,000ው ትርፍ በ15 በመቶ ሂሳብ 6,000 ዶላር ታክስ ይሄዳል። አክሲዮኑን ራሱን ካስተላለፈ ድርጅቱ ያለ ታክስ ሸጦ 50,000ውን ያገኛል፤ የሰጪው ተቀናሽም (ታክስ ከሚታሰብበት ገቢው ላይ የሚቀነሰው) በዚሁ ዋጋ ይሰላል። ጣሪያው በአብዛኛው ከተስተካከለ ዓመታዊ ገቢው 30 በመቶ ነው፤ የተረፈው ለ5 ዓመት ይሸጋገራል። የከሰረ አክሲዮን ተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ተሸጦ ኪሳራው ይያዛል፣ ከዚያ ገንዘቡ ይሰጣል። የሽያጭ ውል ካሰረ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ግን ዘግይቷል፤ ታክሱ ከእሱ ራስ አይወርድም።

በውርስም ያው ነው። የተለመደው የጡረታ ሂሳብ (አይአርኤ) ለልጅ ሲደርስ ልጁ ባወጣ ቁጥር የገቢ ታክስ ይከፍላል፤ በጎ አድራጎት ድርጅት አይከፍልም። ቤትና አክሲዮን ግን በሞት ቀን ዋጋ ስለሚተላለፉ፣ እስከዚያ የተጠራቀመው ትርፍ ታክስ አይታሰብበትምና ለልጅ ይመቻሉ። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት፣ ሂሳቡን በኑዛዜ ለድርጅት መስጠት ነው። ሂሳቡ የሚሄደው ተቋሙ ዘንድ በተሞላው የተጠቃሚ ቅጽ ነው፤ ቅጹ ላይ የወንድም ስም ካለ ወንድም ይወስደዋል።

ወረቀቱን አትናቂው። ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ስጦታ፣ በምላሹ የተሰጠ ነገር መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ የድርጅቱ ደብዳቤ ታክስ ከመሞላቱ በፊት እጅ መግባት አለበት። ከ5,000 በላይ ለሚያወጣ ንብረት ገለልተኛ ገምጋሚና ፎርም 8283 (በዓይነት የተሰጠ ስጦታ የሚገለጽበት የታክስ ቅጽ) ያስፈልጋል፤ በገበያ ለሚሸጥ አክሲዮን ገምጋሚው ይቀራል፣ ቅጹ ግን አይቀርም፤ ግምቱም ከስጦታው ከ60 ቀን በላይ ቀድሞ መሠራት የለበትም። እነዚህ ሲጓደሉ ስጦታው እውነተኛ ቢሆንም ተቀናሹ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል።

ደንበኛን «መስጠት ይፈልጋሉ?» አትበዪ፤ አብዛኛው «አስብበታለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። «ባለፉት ሦስት ዓመታት ለማን ሰጡ?» በዪ፤ መልሱ ስምና መጠን ይዞ ይመጣል።

ሥራ ስትፈልጊ ቢሮው ፎርም 706 (የውርስ ታክስ) እና 1041 (የውርስ ሀብትና የትረስት ገቢ ታክስ) ይሠራ እንደሆነ በቃለ መጠይቁ ላይ ጠይቂ። ወርሃዊ መዝገብ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ደመወዙ ቢያምርም የምትፈልጊውን ሥራ እዚያ አታይውም።