የሚተነፈስ ማደንዘዣ የልብን ሕዋስ ምን ያደርገዋል? ጥያቄና መልስ

ሰመመን መስጠት የዘወትር ሥራዬ ነው። በዚህ ጉዳይ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። «ጋዙ ልቧን ያደክመዋል» ብለው አስፈሩን። እውነት ነው?

እህቴ፣ በከፊል እውነት ነው። ሃሎቴን የተባለው ጋዝ የልብ ጡንቻ የሚኮማተርበትን ኃይል ይቀንሳል። አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የተባሉት ጋዞች ግን የደም ግፊትን የሚያወርዱት በአብዛኛው የደም ሥሮችን በማላላት ነው። የልብ ኃይል የሚቀንሰውም በዋናነት ወደ ሕዋሱ የሚገባው ካልሲየም ስለሚያንስ እንጂ ሚቶኮንድሪያ የተባለው፣ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያመነጨው ምድጃ ስለጠፋ አይደለም። ጋዙ በትንፋሽ ሲወጣ ኃይሉ ይመለሳል። ለእንደ እናትሽ ያለ ታማሚ የቬፖራይዘሩን (የጋዙን መጠን የሚወስነውን መሣሪያ) መዘውር በጥቂት በጥቂቱ እያዞርን፣ ዓይናችንን ከግፊት መለኪያው ሳንነቅል ነው የምንሰጠው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሚቶኮንድሪያን ጨርሶ አይነካውም?

ይነካዋል፤ እኔን ለዓመታት የማረከኝም ይኸው ነው። ከልብ ጡንቻ ሕዋስ ሲሶ ያህሉን የሞላው ሚቶኮንድሪያ ነው። ጋዙ፣ ጉልበት የሚመነጭበት የኤሌክትሮን ቅብብሎሽ ከሚጀምርባቸው በሮች አንዱን፣ ኮምፕሌክስ አንድን፣ በመጠኑ ይገታዋል። ያን ጊዜ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ያመልጡና ኦክስጅንን ይዘው ቁጡ ሞለኪውል ይፈጥራሉ። ይህ ሞለኪውል ሲበዛ ሕዋስ ይገድላል፤ ጥቂት ሲሆን ግን የማንቂያ ደወል ነው። ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኢንዛይም ይነሣል፣ ፖታሲየም የሚያልፍባቸው በሮች ይከፈታሉ። ደም ተቋርጦ ሲመለስ የሚቶኮንድሪያን ሽፋን የሚበሳው ገዳይ ቀዳዳም ለመከፈት ይዘገያል።

ትንሽ ጫና ልብን ለትልቁ ጉዳት ያዘጋጃል የሚለው ሐሳብ መነሻው በ1986 የታተመው የሙሪ፣ የጄኒንግስና የራይመር ሥራ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የውሾችን የልብ ደም ሥር አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ ዘግተው ከፈቱ፤ ቀጥሎ ለ40 ደቂቃ ዘጉት። የሞተው ጡንቻ አስቀድመው ካልተለማመዱት ውሾች ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። በ1997 ደግሞ አይሶፍሉሬን ደም ሥር ሳይዘጋ ተመሳሳይ ጥበቃ እንደሚሰጥ በእንስሳት ታየ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ለልብ ቀዶ ጥገና ጋዝ ይሻላል ማለት ነው?

እኔም እንዲያ ተስፋ አድርጌ ነበር። በ2019 ይፋ የሆነው ማይሪያድ የተባለ ጥናት በ13 አገሮች 5,400 የልብ ደም ሥር ቀዶ ጥገና ታማሚዎችን ከፍሎ ለግማሾቹ ጋዝ፣ ለግማሾቹ በደም ሥር ብቻ የሚሰጥ ማደንዘዣ ሰጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 2.8 እና 3.0 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። የውሻው ልብ ጤናማና ወጣት ነበር፤ ጠረጴዛችን ላይ የሚተኛው ሰው ግን ዕድሜ፣ ስኳርና ብዙ መድኃኒት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልብ ይጠብቃል ብዬ ጋዝ አልመርጥም።

ጥያቄ፦ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። ችግር አለው?

መድኃኒቱ የነገርኳችሁን የፖታሲየም በሮች ይዘጋል፤ በቤተ ሙከራም ጥበቃው ይጠፋል። ነገር ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ የስኳር መናርም ልብን ይጎዳል። በቀዶ ጥገናው ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለብዎ ሰመመን ሰጪዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሚቶኮንድሪያ በሽታ ያለበት ልጅስ?

ኮምፕሌክስ አንድ የተጎዳባቸው አንዳንድ ልጆች በጥቂት ሴቮፍሉሬን ብቻ በጥልቀት ይተኛሉ። ለሌላው ልጅ የተለመደው መጠን ለእነርሱ ከልክ በላይ ነው። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ጭምብሉ ልጁ ፊት ላይ ከመደረጉ በፊት ንገሩን፤ እባካችሁ።