የአንጀት ኦፒዮይዶች፣ ሆርሞኖችና ቆሽት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰውነት ራሱ ስለሚሠራቸው ኦፒዮይድ ፔፕታይዶች (እንደ ሞርፊን የሚሠሩ ትናንሽ የፕሮቲን ቁርጥራጮች)፣ ማለትም ስለ ኤንኬፋሊን፣ ቤታ ኤንዶርፊንና ዳይኖርፊን የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ ከአንድ የተሳሳተ መነሻ የመጡ ናቸው፤ ኦፒዮይድ ቆሽትን በቀጥታ ያፍናል ከሚል። በዋናነት የሚያፍነው ቆሽትን የሚያዝዘውን ነርቭ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ይቀልላል።

ጥያቄ፦ ኤንኬፋሊን የአንጎል ነገር አይደለም እንዴ? ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?

ከመጀመሪያውም ከአንጀት ጋር የተያያዘ ነው። በ1975 ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ አበርዲን ኤንኬፋሊንን ያወጡት ከአሳማ አንጎል ቢሆንም፣ ሥራውን የፈተኑት በጊኒ ፒግ አንጀት ቁራጭና በትንሿ አይጥ (ማውስ) የዘር ቱቦ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሲነካ የሚኮማተረው ጡንቻ ኤንኬፋሊን ሲደርሰው ይረጋል፤ የኦፒዮይድ ማገጃ የሆነው ናሎክሶን ሲጨመርበት እንደገና ይነሣል። አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኘው በጡንቻ ሽፋኖች መካከል ባለው የነርቭ መረብ ነው። ሙ፣ ዴልታና ካፓ ከሚባሉት የኦፒዮይድ ተቀባዮች ውስጥ ከሙ ወይም ከዴልታ ጋር ሲጣመር ወደ ነርቩ ጫፍ ካልሲየም እንዳይገባ ይከለክላል፣ ለፖታሲየም በር ይከፍታል። ውጤቱ ነርቩ ለማዘዝ የሚለቀው ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊን፣ ማነስ ነው።

ጥያቄ፦ ቆሽትን የሚያዝዙት የአንጀት ሆርሞኖች ሴክሬቲንና ሲሲኬ (ኮሌሲስቶካይኒን) ናቸው ተብለን ተምረናል። ኦፒዮይድ በየት በኩል ገባ?

ልክ ተምራችኋል። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ፒኤች ከ4.5 ሲወርድ ሴክሬቲን ይለቀቃል፤ ቆሽትም ባይካርቦኔት ያለበት ውሃ ያመነጫል። ስብና ፕሮቲን ሲደርስ ደግሞ ሲሲኬ ይለቀቃል፤ ኢንዛይም ይመጣል፣ የሐሞት ከረጢትም ይኮማተራል። ነገር ግን ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ በሚገኘው መጠን ሲሲኬ በአብዛኛው የሚሠራው ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወርደውን የቬገስ ነርቭ ቀስቅሶ ነው፤ የአሴቲልኮሊንን ሥራ የሚያግደው አትሮፒን ሲሰጥ የኢንዛይሙ ምላሽ በእጅጉ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ኦፒዮይድ የሚገባውም እዚሁ ላይ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በፖላንድ ክራኮው በውሾች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ኤንኬፋሊንና ሞርፊን በደም ሥር ሲሰጡ ቆሽቱ ለሆርሞኖቹ የሚሰጠው ምላሽ ቀንሷል። በአይጥ ላይ ደግሞ ከነርቭ የተለዩ ኢንዛይም ሠሪ ሴሎች ብቻቸውን ሲፈተኑ ኦፒዮይዱ አልነካቸውም፤ የነርቭ ጫፎች ባሉበት የቆሽት ቁራጭ ላይ ግን የአሴቲልኮሊን መለቀቅ ቀንሷል። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ማስረጃ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ሥራዬ አይጥ ላይ ሞርፊን ስሰጥ የቆሽቱ ፈሳሽ ወዲያው ሊቆም ይደርሳል። ማመንጨቱ ታገደ ብዬ ልጽፍ?

ገና አይጻፍ። መጀመሪያ ፈሳሹን የሚቀዱበት ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) የት እንዳለ ይመልከቱ። ሞርፊን የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ወደ አንጀት የሚወጣበትን የኦዲ ቀለበት ጡንቻ ያጠብቃል። ፈሳሹን የሚቀበሉት ከቀለበቱ ወዲያ፣ በአንጀቱ በኩል ከሆነ፣ ቆሽቱ እያመነጨ መውጫው ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ካኑላው ከቀለበቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ገብቶ መታሰር አለበት።

ሁለተኛው የሐሞት ነገር ነው። ትልቁ የላቦራቶሪ አይጥ (ራት) የሐሞት ከረጢት የለውም፤ የሐሞቱና የቆሽቱ ቱቦ አንድ ላይ ይወርዳል። ሐሞቱን ጉበቱ አጠገብ ለብቻው ካልቀዱት የሚለኩት ድብልቅ ነው። የቀዱትን ሁለቱንም ፈሳሽ ደግሞ ወደ አንጀቱ መልሱ። ካልተመለሰ አንጀቱ ውስጥ ትሪፕሲን ያልቃል፤ ትሪፕሲን ይበላቸው የነበሩት ሲሲኬን የሚያስለቅቁ ፔፕታይዶች ይተርፋሉ፤ ሲሲኬ ከፍ ይላል፤ መነሻ ልኬትዎም የተጋነነ ይሆናል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የጨጓራ አሲድ ነው። ኦፒዮይድ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል፤ ወደ አንጀት የሚደርሰው አሲድ ሲያንስ ሴክሬቲንም ያንሳል። ይህን ለመለየት የጨጓራውን ፈሳሽ ወደ ውጭ አውጥተው የታወቀ መጠን ያለው አሲድ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ያፍስሱ።

የ15 ደቂቃ ናሙናዎች ይውሰዱ፤ ተከታታዮቹ እስኪቀራረቡ መድኃኒቱን አይስጡ። የፈሳሹን ብዛትና የፕሮቲኑን መጠን ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ብዛቱ ወርዶ ፕሮቲኑ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ናሎክሶን ብቻውን የሚሰጠው ቡድን እንዳይቀር። ናሎክሶን ከሁሉ ይልቅ ሙን ስለሚወድ፣ ዴልታና ካፓን ለመዝጋት ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል፤ በትንሽ መጠን ስላልተመለሰ ብቻ ‘ኦፒዮይድ አይደለም’ አይባልም። በሞርፊን ፋንታ ኤንኬፋሊን ከተጠቀሙ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈርስ በአንድ መርፌ ሳይሆን በተከታታይ ይፍሰስ።

ጥያቄ፦ ሲሲኬን ከደም ስንለካ ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ይወጣል።

ጋስትሪንን አብራችሁ እየለካችሁ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ የመጨረሻ አምስት አሚኖ አሲዶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጋስትሪን ደግሞ ደም ውስጥ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በባዶ ሆድ ሲሲኬ በሊትር ወደ 1 ፒኮሞል ገደማ ነው፤ ከምግብ በኋላም ከ5 እስከ 8 ይደርሳል። ለመለኪያ የምትጠቀሙበት ፀረ እንግዳ አካል ጋስትሪንን እንደማይዝ አረጋግጡ። ደሙን ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ) እና አፕሮቲኒን (ፔፕታይዱ እንዳይፈርስ) ባለበት ቱቦ ቅዱ፣ በረዶ ላይ አስቀምጡ፣ በቀዝቃዛ ሴንትሪፉጅ ለዩ።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊንንስ?

በ1978 በታተመ ሥራ በውሻ ቆሽት ላይ ሞርፊንና ቤታ ኤንዶርፊን ኢንሱሊንና ግሉካጎን ከፍ፣ ሶማቶስታቲንን ዝቅ አድርገዋል። ውጤቱ በመጠኑና በስኳሩ ደረጃ ስለሚለያይ፣ ከዚያ ተነሥቶ ለስኳር ሕመምተኛ ምክር መስጠት አይገባም።

ጥያቄ፦ ቆሽቱ ለተቆጣ ሕመምተኛ ሞርፊን ክልክል ነው? ሌላው የኦፒዮይድ ማስታገሻ ፔቲዲን ይሻላል ይባላል።

ሞርፊን ቀለበቱን ማጥበቁ እውነት ነው፤ የቆሽት ኢንዛይሞቹን አሚላዝና ላይፔዝ በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ለምርመራ የሚሆነው ደም ቢቻል አስቀድሞ ይቀዳ። ነገር ግን ሞርፊን ሕመሙን ያባብሳል፣ ወይም ፔቲዲን ይበልጣል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የፔቲዲን ስባሪ የሆነው ኖርፔቲዲን ሲጠራቀም፣ በተለይ ኩላሊት ሲደክም፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ ያመጣል። ሕመምተኛን በሥቃይ ማቆየት መፍትሔ አይደለም። እውነተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው በኦፒዮይድ ተቀባይ የሚሠራው የተቅማጥ መድኃኒት ኤሉክሳዶሊን ነው፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ፈቅዶት፣ በ2017 የሐሞት ከረጢታቸው የወጣ ሰዎች እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። ምክንያቱ የቆሽት መቆጣት ነው።

ጥያቄ፦ የተቅማጥ መድኃኒቶቹ ሎፐራማይድና ሬስካዶትሪል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሎፐራማይድ ራሱ የሙ ተቀባይን ይይዛል፤ አንጀቱን ያዘገያል። ለአዋቂ መጀመሪያ 4 ሚ.ግ.፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ 2 ሚ.ግ. ነው፤ ያለ ሐኪም በቀን ከ8 ሚ.ግ. አይለፍ። ደም ያለበት ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ካለ አይወሰድም፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም አይሰጥም። ሬስካዶትሪል ግን ተቀባይ አይነካም። ኤንኬፋሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም አግዶ የሰውነቱ ኤንኬፋሊን እንዲቆይ ያደርጋል፤ ስለዚህ ወደ አንጀት የሚፈሰውን ውሃ ይቀንሳል እንጂ እንቅስቃሴውን አይገታም። የአዋቂ መጠኑ 100 ሚ.ግ. በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ኦአርኤስ ይቅደም።