ዶልፊን ያልታየበትን ቀንም መዝግቡ

ልጆች፣ «ዶልፊን ማጥናት እፈልጋለሁ» የሚል ወጣት ሲመጣብኝ ዋና ትችል እንደሆነ አልጠይቀውም። ምንም ያልተገኘበትን ቀን ቁጭ ብለህ መጻፍ ትችላለህ ወይ ነው የምለው። አብዛኞቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።

እኔ በእናንተ ዕድሜ አልቻልኩም። ዶልፊን ያየሁ ቀን ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ። ባዶ እጄን የተመለስኩ ቀን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍ እልና አልፈዋለሁ። ወቅቱ ሲያልቅ አለቃዬ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እዚህ ጋ ዶልፊን የበዛው እውነት በዝቶ ነው ወይስ አንተ እዚያ ስለተመላለስክ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ስንት ሰዓት እንደፈለግሁ ካልጻፍኩ ያገኘሁት ቁጥር ምን ይናገራል? የ4 ወር ልፋት ውሃ በላው።

ስለዚህ ጀልባዋ ስትነሳ ጀምሩ። ሰዓቱን፣ የጂፒኤስ መስመሩን፣ ነፋሱን፣ የውሃውን ጥልቀት ያዙ። ባሕሩ ነጭ አረፋ ማብዛት ሲጀምር ፍለጋውን አቁሙ፤ ማቆማችሁንም ጻፉ። ያኔ ዶልፊን የለም ማለት አይደለም፣ ቢኖርም አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ባይጂ የሚባለውን ዶልፊን ያንግትዜ ወንዝ ላይ በ2 መርከብ ለ6 ሳምንታት ያህል ፈለጉት። አንድም አላገኙም። ባይጂ የወንዝ እንስሳ ነው፣ እንደ እኛዎቹ የባሕር ዳርቻ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ያ ዜሮ ክብደት ያገኘው የተሄደበት ሁሉ ስለተመዘገበ ነው።

ዶልፊን ስታገኙ ደግሞ ዓይናችሁ የጀርባ ክንፉ ላይ ይሁን፤ አንዱን ከሌላው የምትለዩት በእሱ ነው። የአንዱ የኋላ ጠርዝ አይጥ የበላው ወረቀት ይመስላል። የሌላው ጫፉ ላይ ብቻ ጎደል ይላል። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉና ትክክል ከጎኑ ፎቶ አንሱት። ፊቱን ተዉት፤ የዶልፊን ፈገግታ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ዛሬ 40 ክንፍ ለያችሁ እንበል። ሌላ ቀን 40 ስታነሱ 10ሩ የምታውቋቸው ሆኑ። ካያችኋቸው ሩቡ የታወቀ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 40ዎቹ የጠቅላላው ሩብ ይሆናሉ፤ ወደ 160 ገደማ ይመጣል። ግልገሎች ግን ክንፋቸው ገና ንጹህ ነው። ምልክት የሌላቸውን ድርሻ ካልጨመራችሁ ቁጥሩ ያንሳል።

አንድ ወቅት ደግሞ ምንም አይበቃም። ጠርሙስ አፍንጫ የሚባለው ዶልፊን እርግዝናው ብቻ 12 ወር ነው። እናቲቱ ብዙ ጊዜ የምትወልደው ከ3 እስከ 6 ዓመት አንዴ ነው። መረብ ጥቂት እናቶችን ቢወስድ ጉድለቱ ቶሎ አይሞላም፤ ቶሎም አይታይም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ ላይ ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያልተቋረጠው ለዚህ ነው።

በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ የሆነውንም ልንገራችሁ። ዶልፊን የሚያሳዩ አስጎብኚዎች ከ1 ወደ 2 ሲሆኑ እዚያ የሚታየው ዶልፊን ቀነሰ። ጀልባ ከመምጣቱ በፊት የነበረው መዝገብ በእጅ ስለነበር መንግሥት ፈቃዱን ወደ 1 መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቀ፤ ብዙ የባሕር ሣር ጠፋ። ዓሣው የሚራባው ሣሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወት የሚቆየውም የሚወለደውም ዶልፊን አነሰ። ሣሩን ያልመዘገበ ሰው ዶልፊኑ ለምን እንደቀነሰ ግራ ይገባው ነበር።

ውድ ካሜራ ለመግዛት አትጣደፉ፣ መዋስ ይቻላል። ደብተሩ ግን የራሳችሁ ይሁን። እስክሪብቶ አትያዙ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ በደንብ አይጽፍም። እርሳስ ያዙ፣ ሁለት፤ አንዱ ባሕር ውስጥ መውደቁ አይቀርም።