ጥያቄና መልስ፦ «ቀጥታ ኢንቨስትመንት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጋሼ (መላሽ)፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ክፍል ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ጠይቁ። «ምን ልግዛ?» ግን አይመለስም።

ቧንቧ ውሃ፦ ቀጥታ ኢንቨስትመንት ማለት ፈረንጅ ዶላር ይዞ መጣ ማለት ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። የውጭው ባለገንዘብ ገንዘቡን ባስገባበት ድርጅት አመራር ላይ ድምፅ ይዞ ሊቆይ ይገባል። ዓለም አቀፉ መለኪያ ቢያንስ 10 በመቶ የድምፅ መብት ነው። ከዚያ በታች ፖርትፎሊዮ ይባላል፤ ዋጋ ሲወርድ አክሲዮኑን ሸጦ ውልቅ ነው። ማሽን የተከለ ግን በአንድ ቀን አይነሳም።

ሰው የሚረሳው ይኸን ነው። የውጭ ፋብሪካ ትርፉን ወደ አገሩ ሳይልክ እዚሁ ቢያውለው ያም ቀጥታ ኢንቨስትመንት ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ዶላር ድንበር አልተሻገረም እኮ! እናት ኩባንያው ያበደረውም ይቆጠራል። «ይህን ያህል ቢሊዮን ገባ» ሲባል ሁሉም ጥሬ ዶላር ነው ብላችሁ አትቁጠሩ።

ገራዶ፦ ወንድሜ ከጅዳ በላከው ሰኞ ገበያ ሱቅ ከፈትን። ይገባል?

ጋሼ፦ ለእናንተ ከላከ ሐዋላ ነው። ሱቁ የእሱ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው።

ቦርከና፦ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክስ? ቻይናዎች አይደሉ የሠሩት?

ጋሼ፦ ይቺ ጥያቄ ትመቸኛለች። ፓርኩ የመንግሥት ነው፤ በ2009 ሐምሌ ተመረቀ። የቻይናው ድርጅት ተቋራጭ ነው፤ ሠርቶ ሒሳቡን ይቀበላል። ቀጥታ ኢንቨስተሩ ሼድ ተከራይቶ ማሽን ያስገባው የውጭ ኩባንያ ነው። እሱም ቢሆን የዘላለም አይደለም። በ2014 ጦርነቱ እዚሁ ደጃችን ደረሰ፣ ከአጎዋም (ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ወጣን። ገበያው አሜሪካ የሆነ ልብስ ሰፊ ምን ይሁን?

የፒያሳ ልጅ፦ ፓርኩ ለምን ደሴ አልሆነም?

ቦርከና፦ ጦሳ ተራራ ላይ ይትከሉት? ሜዳውም አውሮፕላን ማረፊያውም እኛ ጋ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ሙቀቱ ሲያቃጥላችሁ ወደ ማን ነው የምትወጡት?

ጋሼ፦ መሃል መንገድ ሀረጎ ላይ ተገናኙና ጨርሱት። ቀጣይ።

ገራዶ፦ የውጭ ሰው ስንት ይዞ ይጀምራል?

ጋሼ፦ በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 በመደበኛው ለአንድ ፕሮጀክት 200,000 ዶላር፤ ከአገር ሰው ጋር ከሸረከ 150,000። የቀረውን አዋጁን አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ዶላር ይዞ የመጣ ሁሉ ቀጥታ ኢንቨስተር ነው ማለት ነው?

ጋሼ፦ አቦ! ከላይ ምን ጻፍኩ? 10 በመቶ። ድምፅ። መቆየት።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ አብሽር። ታዲያ የትኛውን አክሲዮን ብገዛ ያዋጣኛል?

ጋሼ፦ ደህና እደሩ።