ጎረቤትን ለምርጫ ማንቃት፦ ጥያቄና መልስ ለመሃል አዲስ አበባ ነዋሪዎች

ጥያቄዎቹ ከአራዳ፣ ከቂርቆስና ከልደታ የመጡ ናቸው። መላሹ የመራጮች ትምህርት ሥራን የሚያውቅ ሰው ነው። የትኛው ፓርቲ ይሻላል የሚለው እዚህ አይነሳም። ጉዳያችን ጎረቤት የምርጫ ካርድ አውጥቶ በዕለቱ ከቤቱ እንዲወጣ ነው።

ጥያቄ፦ በግቢያችን ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤት ለቤት እየዞርን ሰው ለመቀስቀስ ተስማምተናል። ይበቃል?

አይበቃም። ካርድ ያላወጣን ሰው የዚያን ሳምንት በሩ ላይ ቆማችሁ ብትለምኑት ምንም ማድረግ አይችልም። በ2013ቱ 6ኛ አጠቃላይ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር፤ የአዲስ አበባ ምዝገባ ግን ተራዝሞም እንኳ ከዚያ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ተዘግቷል። ስለዚህ ዋናው ዙር የምዝገባው ነው፣ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰልፉ ሳይበዛ። የድምፅ መስጫው ሳምንት ማስታወሻ ብቻ ነው።

«ካርድ አወጣህ?» ብላችሁ አታቁሙ። መልሱ ሁሌም «እሺ፣ አወጣለሁ» ነው። «መቼ ነው የምትሄደው? ከሥራ በፊት ነው ከሥራ መልስ? ከማን ጋር?» በሉት። ይህ የተፈተነ ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በተደረገ ጥናት በስልክ «በስንት ሰዓት ትሄዳለህ? ከየት ተነስተህ? ከዚያ በፊት ምን ላይ ትሆናለህ?» ተብለው የተጠየቁት ካልተጠየቁት በ4 መቶኛ ነጥብ ገደማ በልጠው ድምፅ ለመስጠት ወጡ። ከፍ ያለው ለውጥ የታየው ሌላ መራጭ በሌለበት ቤት ነው። እኛ ጋ ሲመነዘር ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ ባለ አንድ ክፍል ተከራዮቹን አስቀድሙ ማለት ነው። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ይጎታተታሉ።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ነን። ካርድ ያላወጡትን ስም በቴሌግራም ግሩፓችን ብንለጥፍስ?

ሰው ማስወጣቱን ያስወጣል፣ ግን አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚሺጋን ውስጥ ወደ 180,000 ቤተሰቦችን ባካተተ ሙከራ፣ የጎረቤቶቻቸው ድምፅ መስጠትና አለመስጠት ተዘርዝሮ በደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች 37.8 በመቶ ድምፅ ሲሰጡ ምንም ያልተላከላቸው 29.7 በመቶ ነበሩ። ይሁንና የተላከላቸው ሰዎች በቁጣ ስልክ ደውለዋል። እኛ አገር ደግሞ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው፤ «ለማን ሊሰጡት ነው?» ይላል። መመረጥም ሆነ መምረጥ መብት ነው፣ አልመርጥም ያለን ሰው የሚያስገድድ ሕግ የለም። በግሩፑ ላይ የምዝገባውን የመጨረሻ ቀንና የጣቢያውን ቦታ ለጥፉ፤ ስም ያለበት ነገር ግን በግል፣ በአፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ገብተናል። ሥራችንም እድራችንም ግን እዚሁ መሃል ከተማ ነው። የት ነው የምንመዘገበው?

የምትኖሩበት ነው የሚቆጠረው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ዕድሜው 18 የሞላ ኢትዮጵያዊ የሚመዘገበው ቢያንስ 6 ወር በኖረበት የምርጫ ክልል ነው። የምትሠሩበት ሰፈር ወይም የቀድሞው ቤታችሁ የነበረበት አይደለም። ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ የተነሱትም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የለመደውን ጣቢያ በር ጠብቆ ስሙ ሳይገኝ ይመለሳል። ዋናው ችግር መታወቂያው ነው፣ አሁንም የድሮውን ወረዳ ይላል። መሸኛ ከቀድሞው ወረዳ ወስዳችሁ አዲሱ ወረዳ ላይ መታወቂያውን አሁኑኑ አስቀይሩ፤ የምዝገባው ሳምንት ላይ ወረዳው ራሱ ይጨናነቃል።

ጥያቄ፦ ተከራዮችስ? ግማሹ የግቢያችን ሰው ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው።

6 ወር ከኖረ ይመዘገባል፣ ቤቱ የራሱ መሆን አይጠበቅበትም። አከራይ ሆናችሁ ልትረዱት የምትችሉት ትልቁ ነገር ነዋሪነቱን ሲያስመዘግብ እምቢ አለማለት ነው። ብዙ አከራይ በግብር ፍርሃት ይሸሻል፣ ተከራዩም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ በአንድ ግቢ እየኖርን እኔና ጎረቤቴ የተለያየ ጣቢያ ደረሰን። ስህተት ነው?

ላይሆን ይችላል። አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1,500 ሰው ነው። ሲሞላ ቀጣዩ ወደ ሌላ ይላካል። ስለዚህ «ሁላችንም አብረን እንሄዳለን» ከማለታችሁ በፊት የየካርዱን ጣቢያ እዩ። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ እይታ በሚለጠፍበት ጊዜም ስማችሁን ሄዳችሁ አረጋግጡ። የፊደል ግድፈት የሚታረመው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ ነኝ። በወር ክፍያ ቀን ብናሳስብ፣ ካርድ ላላወጣም ትንሽ ቅጣት ብንጥልስ?

ማሳሰቡ ጥሩ ነው፣ ጋሼ። በወር አንዴ ያ ሁሉ ሰው የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም። ቅጣቱን ግን ተዉት፤ ማስገደድ ነው። ካርድ እያያችሁ መዝገባችሁ ላይ ምልክት ማድረግም አያስፈልግም። አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ውሰዱ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሚያዘው ሰነድ። እድሩ በስሙ ሰፊ የመራጮች ትምህርት ልስጥ ካለ ግን ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል» የሚለውን ጎረቤት ምን ልበለው?

ብዙ አትከራከሩት። ሁለት ነገር ብቻ ንገሩት። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው ሁለት ወረቀት ነው፦ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ከተማዋ 23 መቀመጫ ያላት፤ ሌላው 138 መቀመጫ ላለው የከተማ ምክር ቤት። ይህን ሁለተኛውን ወረቀት ሰው ይረሳዋል፤ የመሬቱና የመንገዱ ጉዳይ ግን ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ አሸናፊው አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ግንቦት 7 ቀን 1997 አዲስ አበባ በገፍ ስትወጣ 23ቱም የፓርላማ መቀመጫዎች ለተቃዋሚ ሄዱ፤ ከከተማው ምክር ቤትም 137ቱን ያገኘው ያኔ የተቃዋሚው ቅንጅት ነበር። ከዚያ በኋላ እምቢ ካለ ሻዩን ጠጥታችሁ ተለያዩ።

ጥያቄ፦ ከድምፅ መስጫው በፊት 4 ቀን ቅስቀሳ ይቆማል ይባላል። ያኔ ጎረቤት ማስታወስ ይከለከላል?

የሚቆመው የፓርቲና የዕጩ ቅስቀሳ ነው። «ነገ ነው፣ ካርድህን አትርሳ» ማለት ቅስቀሳ አይደለም። ከጎኑ የፓርቲ ስም ከጨመራችሁበት ግን ሆነ። በዕለቱም በጣቢያው ዙሪያ ምልክት ያለበት ቲሸርት፣ ኮፍያም ቢሆን፣ አትልበሱ።

ጥያቄ፦ እማማ ማየት አይችሉም፣ እግራቸውም ያማቸዋል። ምን እናድርግ?

ራሳቸው የመረጡት ሰው አብሯቸው ገብቶ ሊረዳቸው ይችላል። አስፈጻሚ ወይም የፓርቲ ወኪል ተክቶ ምልክት አያደርግላቸውም። በዕድሜ የገፉ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የያዙ ሰልፍ አይጠብቁም፤ በር ላይ ንገሩ። ቤት ሆነው በእርስዎ በኩል መላክ ግን የለም፤ ድምፅ በውክልና አይሰጥም።

ጥያቄ፦ በዕለቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንድነው?

ሰዓቱ። ጣቢያው የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት፣ የሚዘጋው ምሽት 12 ሰዓት ነው (በ2013 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል)። ሰኔ ላይ ዝናቡ የሚወርደው ከሰዓት ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ፣ ጃንጥላም ያዙ። ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ድምፁን ይሰጣል፤ ሰው ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ካርዱንና መታወቂያውን ሁለቱንም ያዙ። ካርድ የጠፋበት ሰው ዕለቱን አይጠብቅ፣ ቀድሞ ወደተመዘገበበት ጣቢያ ይሂድ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የተለመደው ብልሽት ከተፈቀደው በላይ ማመልከት ነው፣ ወይም ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቶ ሁለት ዕጩ ላይ ማረፉ። ሁለቱ ወረቀቶች መመሪያቸው አንድ ላይሆን ይችላል፣ ከማመልከታችሁ በፊት አስፈጻሚው የሚለውን ስሙ። ከተሳሳታችሁ ሳጥን ውስጥ ሳትከቱት መልሱና ሌላ ጠይቁ። ስም አትጻፉ፣ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ሌሎችን ለማበረታታት ምልክት ያደረግኩበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ብለጥፍስ?

አይሆንም። ምስጢራዊነቱ የሚጠብቀው እርስዎን ብቻ አይደለም። ፎቶ የማሳየት ልማድ ከመጣ፣ ብር ከፍሎ ድምፅ የሚገዛ ሰው «አሳየኝ» ማለት ይጀምራል፣ አለቃም ሠራተኛውን ይጠይቃል። ለማበረታታት ቀለም የተነካ ጣትዎን ከጣቢያው ውጭ ያንሱ። ማታ ቆጠራው ሲያልቅ ደግሞ ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ እሱን ፎቶ አንስተው ግሩፑ ላይ ቢለጥፉ ይጠቅማል።